አሥራ አንደኛው ቋጠሮ

ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ።

«ይኸው!» አለች ካሮት ተካይዋ፣ ጭቃውን በጉድጓድ ለኪዋ እግር ሥር እየገለበጠች። «ገመድሽ ዛሬም አሥራ አንድ ይላል፤ ባልዲው ደግሞ ጭቃ ይዝቃል። ዓይናችሁን ጨፍኑ ላሞኛችሁ ነው እንዴ?»

ለኪዋ ጎንበስ ብላ ጭቃውን አየችው። የጋራ ጉድጓዱን በየማለዳው የምትለካው እሷ ናት። ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት፣ በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ ታወርዳለች፤ ድንጋዩ ውሃ እስኪነካ ስንት ቋጠሮ እንደገባ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት የሞላ ዕለት ጉድጓዱ እስኪያገግም ማንም አትክልት አያጠጣም። ዘጠኝ ቤተሰብ የኖረው በዚህ ቃል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አሥራ አንድ» ብላ ነበር፤ ዘጠኙም ቤት እሷን አምኖ ሲያጠጣ ከረመ።

«ኧረ ተዉአት!» አለ ታላቅ ወንድሟ ከኋላ። «እህቴ ከምትዋሽ ፀሐይ በምዕራብ ብትወጣ ይቀላል። ዝናቡ ነው የከዳን።»

ልቧ ሞቅ አለ። ጋሼ እንዲህ ነው። እናታቸው ስትሞት ያሳደጋት፣ በየጠዋቱ ተንበርክኮ የጫማዋን ክር እያሰረ ትምህርት ቤት የላካት እሱ ነው። ዛሬም ድረስ ቁርሱን የሚበላው እሷ ቤት ነው፤ ገመዱ ከተሰቀለበት በር ሥር ተቀምጦ።

«እስቲ ክንድሽን አጋድሚበት» አሉ ሽማግሌው። ጉድጓዱን ከቆፈሩት በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ገመዱን መሬት ላይ ዘርግታ ክንዷን አጋደመች። ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ። ቋጠሮው እዚያ የለም፤ ግማሽ ስንዝር አልፎ ነው ያለው። ቀጣዩም እንደዚያው። የሚቀጥለውም! በገዛ ክንዷ እየለካች ያሰረችው ገመድ እኮ ነው! አንድ ሰው ቋጠሮዎቹን ፈትቶ አራርቆ አስሯቸዋል፤ ሲራራቁ ቁጥሩ ያንሳል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጉድጓዱ ደህና ይመስላል።

ቋጠሮውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችውና ክው አለች። ወደ ግራ ነው የተጠመዘዘው። ቋጠሮ ያስተማራት ሰው «እኔን አትዪ፣ እኔ ግራኝ ነኝ፤ አንቺ በቀኝሽ እሰሪ» ይላት ነበር። ከዘጠኙ ቤት ግራኝ ጋሼ ብቻ ነው።

ቀና ብላ ማሳውን አየች። የሌላው ሰው ካሮትና ሽንኩርት ጥቂት ቀን ውሃ ቢያጣ ይችላል። የጋሼ ጥቅል ጎመን ግን ሊቆረጥ የቀረው አንድ ሳምንት ነው፤ አሁን ውሃ ቢቆም ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል። እሷ ምድጃው ላይ አጎንብሳ ቁርሱን ስትሠራለት፣ እሱ ከጀርባዋ ቋጠሮ ሲፈታ ነበር። የበላበትን ቤት!

«ገመዱ ከቤትሽ ወጥቶ አያውቅም» አለች ካሮት ተካይዋ። «ያው አንቺው ነሽ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ ልጄ። በውሃ ያታለለ ከውሃው ይወጣል።»

ለኪዋ ወደ ወንድሟ ዞረች። አሁን ይናገራል። ጋሼ አይደል? አሁን «እኔ ነኝ» ይላል።

«ይቅር በሏት» አለ ጋሼ፣ መሬት መሬት እያየ። «ልጅ ናት። ቸግሯት ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም። ወደ ባልዲው ሄደች፣ ከውሃ መሳቢያው ገመድ ፈታችው፣ ሁለቱንም ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ባልዲው ተፈታብኝ» አለችው። «እኔ ሳስረው አይጠብቅልኝም። እሰርልኝ።»

ስላልጮኸችበት ፊቱ በራ። እንደ ድሮው ከፊቷ ተንበረከከ፣ ገመዱን በእጀታው አሾለከ፣ ጠመዘዘ፣ ጥብቅ አድርጎ ሳበው። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ አላሰበበትም።

«ይኸው የኔ እናት።»

ባልዲውን ተቀብላ ሽማግሌው እግር ሥር አስቀመጠች፤ የመለኪያውን ገመድ አጠገቡ አጋደመች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አንዱን ቋጠሮ ነኩ፣ ሌላውን ነኩ። ካሮት ተካይዋም ጎንበስ አለች። ሁለቱም ቋጠሮ ወደ ግራ ነው የተጠመዘዘው።

ጋሼ እንደተንበረከከ ግራ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።