መውጫ የሌለው ዕቅድ

መምህር ኢፋና ጓደኛው ሩዋይዳ ፕሮግራሞችን ኢንተርኔት ላይ ካሉ ምናባዊ ዓለማት ጋር የሚያገናኝ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የኮድ ስብስብ (ላይብረሪ) ማቀድ ከጀመሩ ሦስተኛ ወራቸው ነው። እሱ ከአምቦ፣ እሷ ከጉደር ሆነው ከእነዚህ ዓለማት ወደ አንዱ እየገቡ እዚያው ይጻጻፋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደና የኢፋ ኮምፒውተር ድርግም ብሎ ጠፋ። ሲያስተምር ውሎ ዝሎ ስለነበር ብዙም ቅር አላለውም። ደወለላት።

"መብራት ጠፋብኝ፤ ነገ እንቀጥል።"

"ምን ሆነሃል? አሁንም እየጻፍክልኝ ነው እኮ" አለች ሩዋይዳ።

ኢፋ የጠቆረውን ስክሪን አየ። "ምን ብዬ?"

"የዓለሙን መግቢያ ጨርሰናል፤ መውጫ አያስፈልገውም ብለህ።"

"ሩዋይዳ፣ እኔ አይደለሁም።"

አዲስ የመጣላትን መልእክት ከፈተች። ከዚያ ቀስ ብላ አነበበችለት።

"'ስልኩን ዝጊው፤ የሚያናግርሽ እኔ አይደለሁም' ይላል።"

ኢፋ አፉን ሳይከፍት ስልኩ ተዘጋበት።