ያልተጨረሰ ዳጉ

ሙጂባ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ አውጥታ አበራቻት። አንገት ላይ የምትንጠለጠል፣ በባትሪ የምትሠራ ነገር ናት። ዝዝዝ እያለች ፊቴ ላይ ነፈሰች።

«የከድሩ ናት» አለችኝ። «ከዱባይ ምን ላምጣልህ ብለው ነፋስ አምጪልኝ አለኝ። ይኸው። ምድጃው ጋ ሲቆም ላቡ ሻዩ ውስጥ ጠብ አይልም። እኔው ራሴ ነኝ አንገቱ ላይ የማጠልቅለት።»

ለመሳቅ ሞከርኩ። ወሎዬው ባሏ ከድሩ ትናንት ጠዋት ሻይ ቤታቸው ውስጥ ወድቆ አልተነሳም። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀብረውታል።

እኔ ፍሬምናጦስ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ሰመራ መናኸሪያው ጀርባ፣ እነሱ ሻይ ቤት ቁርስ ስበላ ነው ያረጀሁት። ለስብሰባ አዲስ አበባ ሰንብቼ ልመለስ ስል ጎረቤቶቿ ደወሉልኝ። «አብራችሁ ነው የምትበሩት። አደራ፣ መንገድ ላይ እንዳትሰማ። ቤቷ ገብታ፣ ሰው ከቧት ትረዳ» አሉኝ። ዱባይ ያለችው ልጇ ሙስሊማም የበኩሏን አድርጋለች። የእናቷን ሽርሽር «የቪዛ ነገር ነው» ብላ አሳጥራ፣ ሲመሽ አሳፈረቻት። ሙጂባ ሌሊቱን በርራ፣ ቦሌ ወንበር ላይ አንጎላጅታ፣ አሁን ወደ ሰመራ የቀረችውን በረራ አብረን ይዘናል። ስልኳ ውስጥ ያለው የዱባይ ሲም ነው፤ እዚህ አይሠራም። ቦሌ ላይ የእኔን ስልክ ስትጠይቀኝ ባትሪ ዘግቷል አልኳት። ውሸት አያምርብኝም፤ ከዚያ ጀምሮ ያልበኛል።

መስኮቱ ጋ ያስቀመጥኳት ከሰው እንድትርቅ ብዬ ነበር። ግን ከመተላለፊያው ማዶ፣ ከእኔ ትይዩ፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሁመድ ይባላሉ፤ ከሕክምና መመለሳቸው ነው። ሙጂባን አያውቋትም። ሰላምታው እንዳለቀ በእኔ አናት ላይ ዳጉ ጀመሩ።

እኛ አገር የኖረ ሁሉ ዳጉን ያውቀዋል። ሁለት ሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ይለዋወጣል። መጨመር ነውር ነው፤ መደበቅም ነውር ነው።

«ከየት መጣሽ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ሙጂባ ደስ አላት። ዱባይን ዘረገፈችው። ሰማይ የሚነካውን ፎቅ፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የተከመረውን በረዶ፣ ለጎብኚ የምትንበረከከውን ግመል።

«ዝናብ አለ?» አሉ ሽማግሌው።

«የለም፣ አባ።»

«ሳርስ?»

«ሳር አለ። በቧንቧ ነው የሚጠጣው። ግመል ግን አያስጠጉበትም።»

«ታዲያ ለማን ነው?» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።

ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። ሰውየው ቦሌ ላይ ከልጆቻቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ነበር ያረፈዱት፤ ወሬው ትኩስ ነው። አፋምቦ ዝናብ ጥሏል። ዲቾቶ ላይ ተሳቢ መኪና ተገልብጦ ሹፌሩ ተርፏል። ገላፊ ላይ መኪናው ተሰልፎ ቆሟል።

«ሰመራስ?» አለች ሙጂባ። «መናኸሪያው ጀርባ ያለውስ ሰፈር?»

«መናኸሪያው ጀርባ፣ ባለጋራዡ ልጁን ድሯል። ከሱ ቀጥሎ ያለችው መድኃኒት ቤት ጣራዋን ነፋስ ወስዶባት ነበር፤ ተሠራ። ከሷ ቀጥሎ ያ የወሎዬው ሻይ ቤት…»

እግራቸውን ልረግጥ ብል አይደርስም። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን እጄን በትንሹ ወዘወዝኩ። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ ሙጂባን አዩ፣ ጭኗ ላይ የምትዞረውን ማራገቢያ አዩ። አፋቸውን ገጠሙ።

«ሻይ ቤቱ ምን ሆነ?»

ሽማግሌው ሲቸገሩ ማየት ያሳዝን ነበር። በዚያ ሁሉ ዕድሜያቸው ዳጉ አቋርጠው የሚያውቁ አይመስለኝም። መዋሸት አይችሉም፣ መናገሩም አልሆነላቸውም።

«የቀረውን መሬት ስንረግጥ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ለዱዓ ዘርግተው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

ሙጂባ ግማሽ ዕድሜዋን ለአፋር ሻይ ስትቀዳ ኖራለች። ዳጉ መሃል መንገድ ላይ እንደማይቆም ከእኔ በላይ ታውቃለች። ወደ መስኮቱ ዞረች። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ጫነችው።

«ልጄ ስትሸኘኝ አንገቴን አንቃ አልለቅ ያለችኝ ለካ…» አለች።

«ሙጂባ…»

«እንዳትነግረኝ።» ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንተ አልነገርከኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ጎረቤቶቼ እንዴት እንደሚነግሩኝ ሲመካከሩ ነው ያደሩት። በወጉ ይንገሩኝ።»

የማጽናናው እኔ መሆን ነበረብኝ። እንባዬ ቀደመኝ። ክንዴን ያዝ አደረገችና «አብሽር፣ ፍሬ» አለችኝ።

አረፍን። በሩ ሲከፈት የሰመራ ሙቀት ገባ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶቿ ቆመው፣ ደህና ለመምሰል ፈገግ ብለዋል። ከሽርሽር የመጣን ሰው ለመቀበል በጣም ብዙ ነበሩ።

ሙጂባ ማራገቢያዋን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ያዝልኝ። እኔ ይዣት ካዩኝ ሆዳቸው ይባባል።»

ፊቷን ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ እንደነሱ ፈገግ ብላ ደረጃውን ወረደች። ተከተልኳት። የማራገቢያዋ ማጥፊያ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ኪሴ ውስጥ ዝዝዝ እያለች ትዞራለች።