የዋልተር “እንኳን ደህና መጣህ”

የዋልተር ላብ ዳኛው አፍ ውስጥ ገባ። ክሊፎርድ የትግል መድረኩ ሸራ ላይ ተንበርክኮ ሁለቱን ታጋዮች በቅርብ እያየ ሳለ ሽማግሌው ዋልተር ራሱን አራገፈና፣ የጡንቻ ቅባት የሚሸት ጨዋማ ላብ ከንፈሩ ላይ ረጨበት። እንትፍ እንዳይል ሰው ያየዋል። ዋጠው፤ ቋቅ አለው።

የብርድ ወራት ስለሆነ የከተማው መዋኛ አዳራሽ ገንዳ በሳንቃ ተከድኖ የትግሉ መድረክ እላዩ ላይ ቆሟል። ከሥር ክሎሪን ይሸታል፤ ከዙሪያው ደግሞ ኮምጣጤ የጠጣ የድንች ጥብስ። ስምንት መቶ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል።

“ይኼ ነው ትግል!” አለች ከፊት ረድፍ ወይዘሮ ሆልት፣ ጃንጥላዋን ወደ ላይ እየወዘወዘች። “ዋልተርዬ፣ የኔ ጌታ! አሳየው ለዚህ ጡጦ ላልጣለ!”

ጡጦ ያልጣለው ኔቪል ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ገና ሦስተኛው። ዋልተር ሃምሳ ሦስት ሞልቶታል፣ የላንክሻየር አውራጃ ሙሉ “ጨዋው” እያለ ይጠራዋል። እስካሁን እያንዳንዳቸው አንዴ ጥለዋል፣ አንድ ለአንድ ናቸው። አሁን የሌላውን ሁለት ትከሻ ለሦስት ቆጠራ ሸራው ላይ ያስነካ ያሸንፋል፤ እጅ የሰጠ ደግሞ ይሸነፋል። ማን እንደሚያሸንፍ ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ኔቪል ነው። ዋልተር ይወድቅና የልጁን እጅ ይጨብጣል፣ ሕዝቡም ያለቅሳል። “እሺ፣ ምን ገዶኝ” ብሎ ነበር ዋልተር፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሻይ የጠጣበት ስኒ ውስጥ እየከተተ።

አሁን ግን ዋልተር በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን በልጁ ደረት ላይ አጋድሞ፣ የልጁን ቀኝ ክንድ በጭኖቹ መሃል ይዞ ወደ ኋላ ይስባል። ያምራል፣ አይካድም። እንዲህ አድርጎ ክንድ የሚቆልፍ ሰው አገሩ ላይ ሁለት ቢገኝ ነው። ክሊፎርድን ያንገሸገሸው ይኸው ማማሩ ነበር።

የኔቪል ግራ እጅ ሸራውን እየዳበሰ የክሊፎርድን የእጅ አንጓ አገኘና ጨመቀው። አንዴ። ቆየት ብሎ፣ ሁለቴ።

አንድ ጭምቅ “ደህና ነኝ” ማለት ነው። ሁለት ጭምቅ “ጨዋታው ቀርቷል፣ የምር ነው” ማለት ነው። በዚህ ሙያ ሁለት ጭምቅ አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም።

“ልቀቀው ዋልተር” አለ ክሊፎርድ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። “የምሩን ነው።”

“እኔም የምሬን ነው። እንኳን ደህና መጣህ እያልኩት ነው።”

“ትሰብረዋለህ እኮ!”

“ያንተን ጆሮስ በልጅነትህ አንጋፋዎቹ አልጨፈለቁትም? ሞትክ?”

አዲስ መጪን አንድ ጊዜ የምር ማሳመም የቆየ ልማድ ነው፤ መጠጥ ቤት ገብቶ “ሁሉም ውሸት ነው” ብሎ እንዳያወራ። አልቅሶ እጅ የሰጠ ዳግመኛ አይጠራም። የክሊፎርድ ግራ ጆሮ፣ እሱም ታጋይ ሆኖ ሲጀምር እንዲህ ተደርጎ፣ ከሠላሳ አራት ዓመት ወዲህ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ሆኖ ቀርቷል። ትግሉን ቢያስቆም ደግሞ በደንቡ አሸናፊው ዋልተር ነው። ሽማግሌውም የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ሥራውንም ስሙንም ለልጅ ላለመልቀቅ።

ከኔቪል ክንድ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሕዝቡ በደስታ አጓራ። ወይዘሮ ሆልት ድንቿን እያላመጠች እንባዋን ጠረገች።

ያን ጊዜ ክሊፎርድ የዋልተርን ትከሻ አየ። እየሳበ ሲንጋለል ሁለቱም ትከሻዎቹ ሸራው ላይ ተለጥፈዋል። እንዲህ ክንድ ሲቆለፍ ዳኛ ሁሉ የያዡን ትከሻ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ለአንጋፋ የሚሰጥ ክብር ነው። ክሊፎርድ መዳፉን አነሳና ሸራውን መታ።

“አንድ!”

ዋልተር ዓይኑን አፈጠጠ። “ምን እያደረግክ ነው?”

“ሁለት!”

“አንተ ከሃዲ!”

“ሦስት!” ደወሉ ተደወለ።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። በዘይት የራሰ የድንች መጠቅለያ ወረቀት መጥቶ ክሊፎርድ አንገት ላይ ተለጠፈ። “ዳኛ ተብዬ! ዓይንህ ይፍሰስ!” አለች ወይዘሮ ሆልት። ዋልተር ግን የሕዝብ ፊት ያውቃል። ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ፤ ዳኛውን የሰደበው አፍ ሁሉ ተመልሶ ያለቅስለት ጀመር። ጥርስ በሌለው ድዱ ፈገግ እንዳለ በገመዱ መሃል ሾልኮ ወረደ። ሲያልቅ አያምር ይሏል ይኼ ነው።

ክሊፎርድ በልማድ የአሸናፊውን ቀኝ እጅ ሊያነሣ ሲይዘው ልጁ አቃሰተ። ክንዱ የሌላ ሰው ይመስል ተንጠለጠለ። ግራውን አነሣለት።

“ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን ልጄ። አይዞህ።”

የኔቪል እንባና ላብ ተቀላቅሎ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ እሱ ግን ይስቅ ነበር።

“አዩ አይደል ጋሽ ክሊፍ? ዋልተር ራሱ እኮ ነው እንኳን ደህና መጣህ ያለኝ! እኔን! እጅ ሰጠሁ? አልሰጠሁም! አሁን ከእናንተው ሆንኩ አይደል?”

ክሊፎርድም በልጁ ዕድሜ ሳለ፣ ደም ከጆሮው አንገቱ ላይ እየወረደ፣ ይህንኑ ቃል ብሎ ነበር፤ ጆሮውን የጨፈለቀውንም አንጋፋ እጅ ስሟል። ትዝ ሲለው የዋጠው ላብ እንደገና ጉሮሮው ድረስ መጣበት።

“ይኼ ብቻ ይዳንልኝ” አለ ልጁ የተንጠለጠለውን ክንዱን እያየ። “የሚቀጥለውን አዲስ ልጅ የምቀበለው እኔ ነኝ።”

ክሊፎርድ ሊለቀው ፈለገ፤ ሕዝቡ ግን ገና እያየ ነው። የኔቪል ግራ እጅ ወደ ላይ እንደተዘረጋ የክሊፎርድን መዳፍ ጨመቀው፤ አንዴ ብቻ።