ዘነዘናው

ሽማግሌው፣ ጎረቤት ያቀበለውን የትናንት ጫት በድዱ ሊያኝክ ሞከረና ከነደሙ ተፋው። ጥርሱ ካለቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በትንሿ ሙቀጫ እየወቀጠች የምታጎርሰው ሚስቱ ነበረች። ሐኪሙ «ጫት ከደገመ ልቡ ይቆማል» ካላት ወዲህ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አጭሯን የብረት ዘነዘና መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ትዞራለች።

«አምጪ፣ አንቺ ክፉ! በቁሜ ገደልሽኝ እኮ!»

«መች አድሎኝ! ወንድ ከሆንክ አኝከዋ።»

ሰባት ሰዓት ላይ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የዕለቱን ጫት ጭነው የመጡት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በሰፈሩ አለፉ። ሽማግሌው ሊሰድባት ቀና ሲል ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ዘነዘናውን ከመቀነቷ አውጥታ፣ ጫፉ ላይ የደረቀውን አረንጓዴ ትልሳለች። ስድስት ዓመት ስትወቅጥለት አንድም ቀን ስትቀምስ አላያትም ነበር።

«አንቺም?» አላት። ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሙቀጫውን በእግሩ ገፋላት። «እንግዲህ ውቀጪያ፣ እመቤት!»

ተቀመጠችና ከጎረቤት ጫት የተረፈውን ወቀጠች። የመጀመሪያውን ራሷ ጎረሰች። ሁለተኛውን በጣቶቿ ይዛ፣ ዐይን ዐይኑን እያየች ወደ አፉ ዘረጋች።

«ክፈት» አለችው።