ይከፈላል ወይስ አይከፈልም

«አይከፈልም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ይላል አጎቴ መንግሥቴ፣ ኮፍያውን ሆዱ ላይ ይዞ።

የእናቴ አንገት ቀጥ ሲል ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ አያለሁ። ይህን አንገት አውቀዋለሁ። እናቴ ጥሩሐረግ ሲቆጧት ታለቅሳለች፤ ያለ ጥፋቷ ስሟ ሲነሳ ግን አንገቷ ይገተራል።

ዳኛው ወጣት ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሰው አክባሪ። ገና ስትቀርብ «እናቴ፣ በኽምጣና መናገር ይሻልዎታል? አስተርጓሚ አለ» ብሏት ነበር። እሷ እቴ! «አማርኛ ምን ያቅተኛል?» አለችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰቆጣ ገበያ ማር የሸጠችበት አማርኛ ነዋ። እኔም ውክልና ስጪኝ ብላት «ምላሴን ተቆረጥሁ ወይ?» ብላ አሳፍራኛለች።

እናቴና አጎቴ የተካሰሱት በአያቴ ቤት ምክንያት ነው። ለሁለቱ በጋራ ትቶላቸው ሞተ፤ እኔና እናቴ እንኖርበታለን፤ ወልድያ የሚኖረው አጎቴ ደግሞ ልጁን ወደ ዓረብ አገር ሊልክበት ይሸጥልኝ ብሎ ከሰሰ። ዳኛው ባለፈው ቀጠሮ ያለውን መንገድ ሁሉ ዘርዝሯል። አንዱ የሌላውን ድርሻ ገዝቶ ያስቀር፤ ሁለቱም አቅም የለንም አሉ። ካልሆነ ቤቱ ራሱ ለሁለት ይቆረጥ። እሱም ካልሆነ በሐራጅ ይሸጥ። እናቴ ሦስተኛውን የሰማች አይመስለኝም፤ ሁለተኛው ላይ ቀርታለች።

ብትቀርም አይፈረድባትም። አያቴ ቤቱን ሲሠራ «ለሁለት ልጅ ሁለት በር» ብሎ አንዱን በፀሐይ መውጫ፣ አንዱን በፀሐይ መግቢያ አውጥቶለታል። መሃሉን በግድግዳ መዝጋት ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ ከቤት እስከዚህ «ሁለት በር አለው፤ እንጋራዋለን» እያለች እንደ ዳዊት ስትደግም ነው የመጣችው።

«ወይዘሮ ጥሩሐረግ» ይላል ዳኛው፤ «እርስዎስ ምን ይላሉ? ቤቱ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም?»

ያኔ ነው የገባኝ። በእናቴ አማርኛ የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ይጋራል፣ ይቆረሳል፣ ይታደላል። አጎቴ በክሱ ላይ «ያለ ኪራይ ተቀምጣበታለች» ብሎ አስጽፎ ነበር፤ ያን የሰማች ዕለት እህል አልቀመሰችም። አሁንም «አይከፈልም» ሲል፣ እህቴ ኪራይ አትከፍልም ብሎ ያሳጣት መስሏታል።

«አይከፈልም!» ትላለች እናቴ፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ። «አባቴ የሠራው ቤት ምን ሲባል ነው የሚከፈለው? እኔ በሕይወት ቆሜ አይከፈልም!»

ዳኛው ቀና ይላል። እሱም አልጠበቀውም። «ያስቡበት፣ እናቴ። የመጨረሻ ቃልዎ ነው?»

«ቃሌን አላጥፍም።»

ሳላስበው ቆሜያለሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አልገባትም! እሷ ያለችው…»

«አንቺ ማነሽ?»

«አምሳለ፣ ልጇ ነኝ።»

«ውክልና አለሽ?»

«የለኝም፤ ግን…»

«እንግዲያውስ ተቀመጪ። ድጋሚ ብትናገሪ ከችሎት አስወጣሻለሁ።»

እናቴ ዞር ብላ በዓይኗ ትቆጣኛለች። አልገባትም ማለቴ ነው ያናደዳት፤ በሰው ፊት አማርኛዋን አዋረድሁባት። እቀመጣለሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው ምን ለማለት እንደፈለገች የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው አለ። ከአንድ ማሕፀን ወጥቶ በአንድ ቋንቋ አፉን የፈታው አጎቴ። አየዋለሁ። እሱ ጫማውን ያያል።

ዳኛው ወደ ጸሐፊዋ ጎንበስ ብሎ በዝግታ ያስጽፋል። ጆሮዬን አቁሜ እንኳ የምሰማው ቁርጥራጩን ነው፤ ሁለቱም ወገኖች የማይከፈል መሆኑን ስላረጋገጡ፣ በሐራጅ… መጨረሻው ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ «ለሁለቱ እኩል ይድረስ!»

«እኩል» ስትሰማ የእናቴ ፊት ይበራል።

«ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው።»

«እኔስ ቅር አላለኝም፣ ልጄ» ትለዋለች ቀድማ። «እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ቦታ ያድርስህ።»

ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። በገዛ አንደበቷ አይከፈልም ብላ ያስጻፈችውን የትኛው ይግባኝ ሰሚ ይፍቅልኛል? ደግሞ እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?

ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ያቃጥላል። አጎቴ ተለይቶን ወደ መናኸሪያ ሊሄድ ሲል እናቴ እጁን ትይዘዋለች። ከክሱ ወዲህ ነክታው አታውቅም።

«መንግሥቴ፣ ተቀይሜህ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። የአባታችን ቃል እንደሆን አልወደቀ። የፀሐይ መውጫው በር ያንተ ይሁን። አንተ ከልጅነትህም ብርድ አትችልም።»

«እታለም…» ይላል አጎቴ።

«ምንም አትበለኝ። ግድግዳው ሲገባ ብቻ ናና ጭቃውን አብረን እናቡካው።»

አጎቴ እኔን ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። አንተ ንገራት ነው የምለው በዓይኔ፤ እሱም ያንኑ የሚለኝ ይመስለኛል።

እናቴ ቀድማን ወደ መንገዱ ወጥታለች። ለጭቃው የሚሆን ጭድ ከማን እንደምትለምን ጮክ ብላ እያሰበች ትሄዳለች።