ፊናው ለማን ይከሳል?

ፊናው ምግብ ቀነስኩ ያለ ዕለት ላቪኒያ ድንቄም ብላ ሳቀች። አብሯቸው የሚኖረው ይህ የባሏ ታናሽ ወንድም በምዕራብ ሲድኒ ባለ ቶንጋዊ ሁሉ ዘንድ የሚታወቀው በሆዱ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ድስቱ የተጣደበትን ነው።

አሁን ግን ቁርሱ እንቁላልና ውሃ ሆነ። ማለዳ ማለዳ በአዲስ ስኒከር ላብ በላብ እስኪሆን ይራመዳል። ሲርበው በረዶ ያኝካል፤ ኪሱ ውስጥ ካሮት ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ኩሽና ስትገባ የዳቦውን ከረጢት ከፍቶ፣ አፍንጫውን ከትቶ ሲያሸት አገኘችው። ዳቦውን አልነካም፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። አርባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ለዳቦ ያለቅሳል! ደግሞ ጠባዩ ከፋ። በሩ አልከፈት ሲለው በእርግጫ ይመታዋል፣ ሬዲዮ ጮኸብኝ ብሎ ይቆጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አፍሮ ይቅርታ ይጠይቃል።

ላቪኒያን ያንገበገባት ግን ይህ አይደለም። የባሏ የሳሚዩ ኩላሊቶች ሁለቱም ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስቴ ሆስፒታል ለእጥበት ይሄዳል፤ ሲመለስ ጫማውን ራሱ ማውለቅ አይችልም። አሁን ልቡም እየደከመ ነው። ኩላሊት የሚሰጠው ሰው ቶሎ ካልተገኘ ብዙ እንደማይቆይ ሐኪሙ አልደበቃትም።

ሕመሙ እንደታወቀ፣ የማን ኩላሊት እንደሚሆነው ለመመርመር ወንድሞቹ ሦስቱም ሄደው ነበር። ሁለቱ ታላላቆቹ ስንት ጊዜ ተመላልሰው በመጨረሻ አይገጥምም ተባሉ። ሳሚዩ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ከእንግዲህ እርግጥ ሳይሆን ማንም ሰው ምናልባት የሚል ወሬ ይዞ እንዳይመጣብኝ አለ። ፊናው ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ከምርመራ ክፍሉ የወጣው። «መለሱኝ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ወደ ቤት ሲመለሱም መኪና ውስጥ ሁለት የሥጋ ፓይ በላ። ቢላዋ ፈርቶ ነው፤ ላቪኒያ ይህ ይጠፋታል?

እና አሁን ወንድሙ በዓይኑ ሥር እየሞተ እሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቁመና ያሳምራል።

ለማን እንደሚከሳም ደረሰችበት። ማክሰኞ ማክሰኞ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል። ጁዲት የምትባል ሴት ትደውልለታለች፤ በደወለች ቁጥር ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ይሮጣል። አንዴ ላቪኒያ ልብስ ስታሰጣ የሴትየዋን ድምፅ ሰማችው። «ጎበዝ ፊናው፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ትለዋለች። እሱም እንደ ሕፃን ፈገግ ብሎ ሆዱን ዳበሰ። ላቪኒያ የያዘችው አንሶላ መሬት ላይ ወድቆ ጭቃ ነካው።

ለባሏ ነገረችው። ሳሚዩ ዓይኑን ሳይገልጥ ተይው አላት፤ ይህ ልጅ ሚስት ቢያገኝ ምን ክፋት አለው? ደግነቱ ይበልጥ አንጀቷን አሳረራት።

በወሩ መጨረሻ እሁድ ፓስተሩን የመጋበዝ ተራ የነሱ ነበር። እንደ ቶንጋ ልማድ ምግቡ መሬት ውስጥ እንዲበስል ጓሮ ጉድጓድ ተቆፍሮ ድንጋይ ጋለ። ላቪኒያ ሟች አማቷ እንዳስተማረቻት ሥጋውን በኮኮናት ወተት አርሳ፣ በጎደሬ ቅጠል ጠቅልላ ጉድጓዱ ውስጥ ከሚጠበሰው አሳማ ጎን ቀበረችው። ሲወጣ ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ፊናው አጥሩ ሥር ቆሞ በረዶውን ያኝካል።

ሰው ሁሉ ተቀምጦ ጸሎት ካለቀ በኋላ ትልቁን ሳህን ጢም አድርጋ ሞልታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«እትዬ፣ ዛሬን ማሪኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከ ማክሰኞ ብቻ።»

እስከ ማክሰኞ! ደሟ ፈላ።

«የእናትህ ሙያ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «የእናትህን ምግብ ንቀህ ከሆነ ለፓስተር ንገራቸው።»

በእነሱ ዘንድ የእናቱን ምግብ፣ ያውም ፓስተር ባለበት፣ አልበላም ብሎ የሚነሳ ሰው አልተፈጠረም። ፊናው ወደ ወንድሙ አየ። ሳሚዩ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ፊናው አንድ ጉርሻ አነሳ።

ሁለተኛውን የለመነው ሰው የለም። የወራት ረሃብ አንዴ ከተፈታ ማን ይይዘዋል? አንዱን ሳህን ጨርሶ ሌላ ሳህን፣ ከዚያ የአሳማውን ቆዳ፣ ከዚያ ልጆች ያስተረፉትን፣ እያለቀሰ በላው። ሰኞም ከማቀዝቀዣው አጠገብ አልጠፋም። ላቪኒያ እየደጋገመች እያሞቀች አቀረበችለት። እንዲህ ደስ ካላት ስንት ጊዜዋ! እስቲ አሁን ጁዲት ትየው፣ አለች በሆዷ።

ማክሰኞ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ፤ ሸሚዙ ሆዱ ላይ ተወጥሯል። ምሳ ሳይደርስ ተመለሰና በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስኒከሩን መፍታት ጀመረ። ላቪኒያ ድስት የምታጥብበትን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ምነው፣ ጁዲት ወፍራም አልወድም አለችህ?»

ፊናው ቀና ብሎ አላያትም።

«ጁዲት የሆስፒታሉ ነርስ ናት፣ እትዬ» አለ። «ዛሬ ኪሎዬ ባይበዛባቸው ኖሮ ኩላሊቴን ለጋሼ ሊቀበሉኝ ነበር።»