ኤስቴል ያላየችው ወረቀት

ኤልዉድ ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ ያወጣና መልሶ ይከተዋል። አራተኛ ጊዜው ነው። ከፊት ለፊቴ፣ ከጸሎት ቤታችን ምድጃ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሚስቱ ኤስቴል ከሞተች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ዛሬ የተሰበሰብነው እሷን ለማሰብ ነው።

እኛ ኩዌከር የምንባል ክርስቲያኖች ቄስም ስብከትም የለንም። በዝምታ እንቀመጣለን፤ መንፈስ የነካው ሰው ተነስቶ ሁለት ቃል ይናገርና ይቀመጣል። ሰዓቱ ሲደርስ እኔ ከጎኔ ያለውን ሰው እጅ እጨብጣለሁ፣ ጉባኤው በዚያ ያበቃል። ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ እንዲህ ያደክማል ብሎ ማን ያምናል።

ጠዋት ኤልዉድ በር ላይ አስቁሞኝ ነበር።

«ፊቢ፣ ማንበብ ይቻላል?»

«የተጻፈ ነገር እዚህ እንደማይነበብ አንተ ይጠፋሃል? እዚሁ አይደል ያደግከው?»

«በቃሌ አልችልም። ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው።»

«እንግዲያው ዝም በል። ዝምታ አይገድልህም።»

ስናገረው ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደከመኝ።

ዓለም ያወቀው ደራሲ ነው፤ አሥራ አራት ልብ ወለድ ጽፏል። ሰማዩ ባዶ ነው፣ የሚሰማን የለም እያለ በየጋዜጣው አርባ ዓመት ተናግሯል። በዚያ አልተቀየምኩትም፤ እንደሱ እያሰቡ እዚህ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች አውቃለሁ። የተቀየምኩት በመጀመሪያው መጽሐፉ ነው። እዚያ ውስጥ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ በጣቷ እንቁላል የምትቆጥር አንዲት ስስታም ገበሬ አለች። ስም አልሰጣትም፤ «ባለእንቁላሏ» ነው የሚላት። አገር ምድሩ ግን እናቴ መሆኗን በአንድ ሳምንት አወቀ።

እናቴ እርግጥ ዶሮ ታረባ ነበር። በጸሎት ሰዓትም ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ ነበር። በእያንዳንዱ ጣቷ አንድ አንድ ልጇን እየጠራች ነበር የምትጸልየው፤ ስምንት ነበርን። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ እስክትሞት ድረስ እዚህ ቤት ውስጥ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ደብቃ ተቀመጠች።

ሃርለን በክርኑ ነካ ያደርገኛል። አሳማ አርቢ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ዝምታን እየተለማመደ ገና አልቻለበትም።

«ፊቢ፣ ሰዓቱ አልፏል እኮ» ይላል በሹክሹክታ። «ሾርባው በረዶ ሊሆን ነው።»

«ቆይ።»

«ሰማዩ ባዶ ነው ብሎ አስረድቶን የለ? ዛሬ ለማን ሊናገር ነው?»

«ቆይ አልኩህ።»

ኤልዉድ አምስተኛ ጊዜ ወረቀቱን ያወጣል። ነገ ልጁ ወደ ካሊፎርኒያ ትወስደዋለች፤ ከዚያ በኋላ አገራችንን ኦሃዮን የሚያይ አይመስለኝም። አሁን የሃርለንን እጅ ብጨብጥ አለቀ። ያን ሁሉ መጽሐፍ የሞላ ሰው ለገዛ ሚስቱ አንዲት ቃል አጣ ተብሎ በምሳ ላይ ይወራል፣ ይወራና ይኖራል። ሃምሳ ዓመት የተመኘሁት ነገር እጄ ላይ መጣ። ሲመጣ ግን ምንም ደስታ የለውም። ሁለታችንም አርጅተናል፤ ቂሙም አብሮን አርጅቷል።

እነሳለሁ። ጉልበቴ ይንቋቋል። ጉባኤውን በእሱ እጅ ልዝጋው፣ ቢያንስ ይሄ ለኤስቴል ይሁንላት ብዬ ወለሉን አቋርጬ እሄድና ፊቱ ቆሜ እጄን እዘረጋለሁ።

እጄን ያያል። ከዚያ ወረቀቱን መዳፌ ላይ ያስቀምጠዋል።

«እዪልኝ» ይላል። «ኤስቴል ሳታየው ለሰው አንብቤ አላውቅም።»

ኤስቴል ሃምሳ ዓመት እንዲህ እጇን ስትዘረጋለት፣ እንዲህ ሲሰጣት ኖሯል። እኔ እጁን ልጨብጥ እንደመጣሁ አልገባውም። ሰው ሁሉ ያየናል። መነጽሬን አደርጋለሁ።

የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ኤስቴል ባለእንቁላሏን ከመጽሐፉ አውጣት ብላ ለምናኝ ነበር። በሃምሳ ዓመት ያልሰማኋት ያን አንድ ጊዜ ነው።»

ሁለተኛ ጊዜ አነበዋለሁ። ከዚያ በታች ያለው ስለ ኤስቴል ነው፤ ጽሑፉን የምታርምበት እርሳሷ፣ ሳቋ፣ በመጨረሻው ሰሞን ውሃ በማንኪያ ሲያጠጣት። ጥሩ ጽፏል። ጥሩ መጻፍ መቼ አቅቶት ያውቃል።

የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ የምጽፍበት እርሳስ ከሹራቤ ኪስ አለ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከጎኑ እቀመጣለሁ። «ባለእንቁላሏን» የሚለውን እሰርዝና ከላዩ «ድሩሲላን» ብዬ እጽፋለሁ። እመልስለታለሁ።

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ብዙ ያየዋል።

«አይነበብም ብለሽኝ ነበር እኮ» ይላል።

«ተነስ።»

የፊቱን ወንበር ተደግፎ ይነሳል። ሃርለን ሰዓቱን ማየት ትቷል። ኤልዉድ ጉሮሮውን ይጠርግና ማንበብ ይጀምራል። የእናቴ ስም ላይ ሲደርስ ቀና ይልና ይጠራታል፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ።

እኔ ወደ ታች አያለሁ። እጆቼ ጭኔ ላይ ናቸው፤ ጣቶቼ አንድ በአንድ ይንቀሳቀሳሉ።